መርፌ ከማንሳታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ውበት ሙያ ሥልጠናዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የቅንድብና የጥፍር ሥራው በደንብ ተነስቷል። የፀጉር ንቅሳት ግን ስላልተጠቀሰ እኔ ልጨምርበት።

ስካልፕ ማይክሮፒግመንቴሽን ይሉታል። ፀጉር የሳሳበት ወይም መላጣ የሆነ ቦታ ላይ በቀጭን መርፌ ጥቃቅን ነጥብ ይነቀሳል። ሲያዩት አጥሮ የተላጨ ፀጉር ይመስላል። ፀጉር ለማስተከል ኢስታንቡል ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሃያ ሁለት አካባቢ ሹሩባ የምሠራ ሴት ነኝ። አሁን በዚህ ሙያ ሰርተፍኬት ለመያዝ እየተዘጋጀሁ ነው። ሙያውን ከልቤ እወደዋለሁ። ያሳሰበኝ የምንዘጋጅበት መንገድ ነው።

ልምምዳችን ሲሊኮን ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነጥብ በነጥብ እናደርገዋለን። እጅ ለማፍታታት ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ሲሊኮን አይደማም፣ አይወዛም፣ አያብጥም። የሰው የራስ ቆዳ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጎንና በጎን ስስ ነው፣ ከኋላ በኩል ወፈር ይላል፣ ጠባሳ ካለ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። ቀለሙ መቀመጥ ያለበት ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ሥር ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚያ ካለፈ ነጥቡ ይፈሳል፣ ውሎ አድሮም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ካልደረሰ ደግሞ ቆዳው ሲድን ከቅርፊቱ ጋር ይነሳል። ይህን እጅ የሚለምደው እውነተኛ ራስ ላይ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሞ እያየ ነው።

ሌላው ነገር፣ ለማስተማሪያ የሚያሳዩን ፎቶ ሁሉ ራሱን የተላጨ ፈረንጅ ወንድ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ግን ሴቶች ናቸው። በቅርቡ አንዲት ልጅ መጣች። ሻሿን ስታወርደው ፀጉሯ በግንባሯ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ሸሽቷል። «እህቴ፣ እዚህ ጋ ሙይልኝ» አለችኝ። መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። በግራ በኩል ደቃቅ ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል፣ የፀጉሩ ቀዳዳዎችም ይታያሉ። በቀኝ በኩል ቆዳው ልሙጥ ሆኗል፤ ያብለጨልጫል፣ ቀዳዳ የሚባል የለውም። ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባና ዊቪንግ ፀጉሩን ሥሩ ድረስ ሲጎትተው ኖሯል። የግራው ካረፈ ሊመለስ ይችላል። የቀኙ ግን ሥሩ ሳይሞት አልቀረም። ስለዚህ «የኔ ቆንጆ፣ አሁን አልነቅስሽም። መጀመሪያ ጥብቅ ሹሩባ አቁሚ፣ የቆዳ ሐኪምም ይይሽ» አልኳት። ቅር አላት። ግን በገዛ ራሱ ሊመለስ የሚችል ፀጉር ላይ ገንዘቧን አስወጥቼ መርፌ ማሳረፍ አልችልም። ይህን ያወቅኩት ከሥልጠናው አይደለም፣ ዓመታት ሙሉ ፀጉር ስሠራ ካየሁት ነው። ሹሩባ ሠርታ የማታውቅ ሰልጣኝ ከየት ታመጣዋለች?

ኬሎይድም አለ። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቁስል ሲድን እብጠት ሠርቶ የመቅረት ዕድሉ ከነጭ ቆዳ ይበልጣል። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት፣ ወይም ከተላጨ በኋላ ማጅራቱ ላይ ጠጠር ጠጠር የሚል እብጠት የሚያወጣ ሰው ሲመጣ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ላሽ ያለበት ሰው ደግሞ በሽታው ገና እየሰፋ ከሆነ ይጠብቅ። ዛሬ የሞላሽለት ቦታ ዳር ነገ ሌላ ይከፈታል። ቆረቆር ያለበትማ መታከም ነው ያለበት፣ መነቀስ አይደለም። ፈተናው ላይ «ይህን ራስ ትነቅሻለሽ ወይስ ትመልሻለሽ?» የሚል ጥያቄ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። ለኔ ከነጥቡ ጥራት ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

ንቅሳት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደርና የጎጃም እናቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን በጥላሸት ተነቅሰው ኖረዋል። ያኔ ስለ ጉበት ቫይረስ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ እናውቃለን። ሄፓታይተስ ቢ የደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ቆይቶም ሰው ሊይዝ ይችላል። ሀገራችን ውስጥ ክትባቱ በመደበኛነት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሙያ የምንማር አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልወሰድነውም። አዋቂ ሰው የተለመደውን ሦስት ዙር ወስዶ እስኪጨርስ 6 ወር ይፈጃል። እኔ ጀምሬዋለሁ፣ የመጨረሻው ቀርቶኛል። ሥልጠናው ግን ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፣ ስንመዘገብም የክትባት ካርድ የጠየቀን የለም።

የንጽሕናውንም ነገር ላንሳ። ብዙ ፀጉር ቤት ውስጥ ሰማያዊ መብራት ያላት ሣጥን አለች፣ ስቴሪላይዘር ትባላለች። መብራቱ ያላረፈበትን የዕቃውን ጎን አታጸዳም፤ ደም የነካ ነገርንም ለሌላ ሰው አታበቃም። መርፌው ከነካርትሪጁ (ከነማቀፊያው) ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ያገለገለ መርፌ ወደሚጣልበት ሣጥን። የተረፈ ቀለም ይደፋል፣ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ቀለም ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ይደፋል።

ለፀጉር ሥራ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ስፈተን ንድፈ ሐሳብም ተግባርም ነበረው። የመዘነችኝ ያስተማረችኝ ሴት አልነበረችም። አሁን በተመዘገብኩበት ቦታ ግን የሚያስተምረውም፣ የሚፈትነውም፣ ሰርተፍኬቱን የሚፈርመውም አንድ ሰው ነው። ክፍያውን የሚቀበለውም እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ማን ይወድቃል? የሙያ ብቃት ምዘና ኃላፊዎች ይህን ሙያ እንደ ሌሎቹ በገለልተኛ መዛኝ ቢያስፈትኑት፣ ለመፈተን ከምንሰለፈው አንዷ እኔ ነኝ።

ለተገልጋዮችም አንድ ነገር ልበል። ይህ ሥራ በአንድ ቀን አያልቅም። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል፣ በመሐሉም ቆዳው እንዲድን ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ከዓመታት በኋላም ስለሚደበዝዝ መታደስ አለበት። «ዛሬ ገብተሽ ዛሬ ጨርሰሽ ትወጫለሽ፣ ዕድሜ ልክሽን ይቆያል» የሚላችሁ ካለ ተጠንቀቁ። ቆዳችሁን ከማየታቸው በፊት ዋጋ የሚነግሯችሁንም እንደዚሁ።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እንደ አለርት ካሉ ሆስፒታሎች የቆዳ ሐኪሞችን አነጋግራችሁ፣ የትኛው ራስ መርፌ ሊነካው እንደማይገባ ለአንባቢም ለባለሙያም በሚገባ ቋንቋ አውጡልን። ካወጣችሁት ቆርጬ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

የፀጉር ባለሙያ
ከሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ