ይድረስ ለወንድሜ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደሴም ያው እንደምታውቃት ናት፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስደርባል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምጽፈው አጥቼ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ያለብኝን ነገር ስለማውቀውና ስላፈርኩበት ነው።

የልጄ ክርስትና ዕለት ብርጭቆህን በመዳፍህ ከድነህ «ይቅርብኝ፣ መጠጥ ትቻለሁ» ስትለኝ፣ እኔ «በሞቴ!» እያልኩ ጆጉን አዘነበልኩት። ጠላው በጣቶችህ መካከል ወርዶ የነጭ ሸሚዝህን እጅጌ አራሰው፤ ሰዉ ሳቀ፤ አንተ ግን እጅህን በመሐረብ ጠርገህ፣ ባለቤቴን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለህ ወጣህ። ከዚያ በፊት እኮ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥቅስ ስደረድርብህ ነበር። ቃና ዘገሊላን ጠቀስኩ፤ ጌታ ስድስት የድንጋይ ጋን ውኃ ወደ ወይን ጠጅ ለውጦ ሰርገኞቹን ያስደሰተበትን ተአምር ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ታከብራለች አልኩህ። ወይን የሰውን ልብ ደስ ያሰኛል የሚለውን መዝሙር አነበነብኩ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መጻፉንም አልተውኩም።

ጥቅሶቹ እንዳልተሳሳቱ ዛሬም አምናለሁ። መጽሐፍ የሚከለክለው ስካርን ነው፤ የኤፌሶን መልእክት በወይን ጠጅ አትስከሩ ይላል እንጂ ወይን አትቅመሱ አይልም። ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ስለዚሁ ስለ ጢሞቴዎስ ሲሰብክ ወይን የእግዚአብሔር ሥራ፣ ስካር ግን የዲያብሎስ መሆኑን ተናግሯል። ነገር ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር አልታየኝም ነበር፤ ጢሞቴዎስ እስከዚያ ድረስ ውኃ ብቻ ይጠጣ ስለነበር ነው ምክሩ ያስፈለገው፤ ጳውሎስም የመከረው «ጥቂት» ብሎ፣ ለሕመሙ ነው እንጂ በሞቴ ብሎ አይደለም። (ስለ አረቄ ሲከራከሩ እነዚህኑ ጥቅሶች የሚያነሡ ሰዎችማ ይገርሙኛል፤ ያ ሁሉ ሲጻፍ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አረቄ መቼ ነበረ?)

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ጥቂት አንብቤአለሁ። ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን ከነጭራሹ አለመቅመሳቸውን የሃይማኖታቸው መሠረት አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ሆኖም የፕሮቴስታንትን መንገድ የጀመረው ማርቲን ሉተር ራሱ ቢራ ይወድ ነበር፣ በቤቱም ትጠምቅ የነበረችው ሚስቱ ናት። ፈጽሞ መተው በብዙዎቹ ዘንድ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ መጠጥ ስንት ቤት ሲያፈርስ ካዩ በኋላ ነው፤ እንዲያውም በ1869 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዌልች የተባለ አሜሪካዊ ሜቶዲስት ለቁርባን የሚሆን የማይፈላ የወይን ጭማቂ አዘጋጅቷል። የእኛውን ደግሞ ተመልከት፤ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ጽዋው ይዞራል፣ ወደ መቅደስ ግን የሚገባው በውኃ ተዘፍዝፎ የተጨመቀ ዘቢብ ነው፤ ቆራቢውም 18 ሰዓት ጹሞ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ነው የሚቀርበው። በብሉይ ኪዳን ለእግዚአብሔር በስእለት የተለዩት ናዝራውያንም ሆኑ መጥምቁ ዮሐንስ ወይን አልቀመሱም። ስለዚህ «ትቻለሁ» ያለ ሰው ከእኛ መንገድ አልወጣም ነበር፤ አንተም አልወጣህም ነበር።

ይህን ሁሉ ያስፈተሸኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አምና የእኅቴ ልጅ ሰርግ ነው። እንደ አገራችን ወግ ሁለት ሰንጋ ታረደ፣ ለሙስሊም ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን ማዕዳቸው ለብቻ ተሰናዳ፤ ባለቤቴ ቀሪቦውን ስታጣራ እኔ ብርዙ እንዳይፈላ በየሰዓቱ እቀምስ ነበር። ማንም ለምን አትጠጡም አላላቸውም፤ መቼስ ማን ይላል? ከእኛው በኩል የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን «ለእኔም ቀሪቦ ስጡኝ» ቢል፣ አንድ ሽማግሌ «ምነው፣ ሰለምክ እንዴ?» አሉትና ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ አቀርቅሮ የተቀዳለትን ጠላ ሲያነሣ ያ የራሰው እጅጌህ ፊቴ ድቅን አለ። ለሙስሊሙ ጎረቤቴ ሳልጠየቅ የማደርገውን ክብር ለአንተ የነፈግሁህ ክርስቲያን ስለሆንክ ብቻ ነበር። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች፣ ወንድምህ የሚሰናከልበት ከሆነ ወይንንም አለመጠጣት መልካም ነው ሲል የጻፈው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ግን በቃል ያጠናሁት የቃናውን ብቻ ነበር።

ለምን እንደተውክ ያን ዕለት አልጠየቅሁህም፤ ዛሬም አልጠይቅህም። ልትነግረኝ ከወደድክ እሰማሃለሁ። እኔ አሁንም በበዓል ቀን አንድ ሁለት ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ ይህንንም አልደብቅህም። «በሞቴ»ን ግን ከአፌ አውጥቼዋለሁ፤ አንዳንድ እንግዶች ንፉግ ሆነ ብለው ሲያሙኝ ይሰማኛል፣ ይሁን።

ጥር 12 ቀን የማኅበራችን ተራ የእኔ ነው። ባለቤቴ ከአሁኑ ጌሾዋን አስጥታለች፤ የቀሪቦውንም ገብስ አብራ ልትቆላ ነው። ሁለቱ ጆግ በአንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ ብያታለሁ። ያቺ ያኔ ሰማንያ ቀኗ የነበረችው ልጅ ዛሬ ፊደል ቆጥራለች፤ የክርስትናዋን ፎቶግራፍ እያየች «ይሄ ማነው?» ትለኛለች። መጥተህ ራስህ ንገራት። ብርጭቆህንም ራስህ ትቀዳለህ።

ወንድምህ፣ ከደሴ