ለሪራዋ እናታችንና ከሐረና በሰላም ለመለሳችሁን ሁሉ

ባሌ ለጉዞ ሄደን ሐረና ጫካ ውስጥ መኪናችን ተበላሽቶ፣ ትንሿ ልጃችን በዚያው ታማ የደረሰብንን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ስትደውሉልን ደጋግመን ስለተረክነው እንደገና አልዘረዝረውም። ልጃችን ደኅና ናት። ትናንት ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአንድ ብስኩት ተጣልታ ቤቱን በጩኸት ስትሞላው፣ ያ ትንፋሽ አጥሮት የነበረ ደረት ይህን ሁሉ ድምፅ ከየት አመጣው ብለን ከባለቤቴ ጋር ተያየን። እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ ግን ያልከፈልነው የሰው ውለታ አለብን።

በመጀመሪያ የማመሰግነው ሐረና ጫካ ውስጥ ባለችው በሪራ መንደር የሚኖሩትን እናት ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም። ልጆቻችን ከልጅ ልጆቻቸው ሰምተው «አኮ» ይሏቸዋል፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው እንላቸዋለን። የመኪናችን ፍሪሲዮን ተቃጥሎ በዝናብ መሐል ሐረና ጫካ ውስጥ ስንቀር፣ አኮ ላሞቻቸውን ወደ ቤት እየነዱ ነበር። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ አላሉም። በመስኮቱ አጎንብሰው የልጅቷን አተነፋፈስ አዳመጡ፤ ከዚያ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ጠቀለሏትና አቅፈዋት መንገድ ጀመሩ። ላሞቹ ፊት ፊት፣ እሳቸው መሐል፣ እኛ ሁለቱን ልጆች ይዘን ከኋላ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ መንገድ ስታወራ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትስቃለች፤ አንዷ ጥጃ ወደ እኛ እየተመለሰች የልጁን ኮፍያ ልትበላ ትታገል ነበርና።

ቤታቸው የቀርከሃ ነው። እሳት እየነደደ ነበር፤ እርጥብ ግንድ ስለሆነ ይጨሳል። አኮ የሚጨሰውን ግንድ አንድ በአንድ እየጎተቱ ደጅ አወጡና ፍሙን ብቻ አስቀሩ። ልጅቷን ጭስ ከማያገኛት ከበሩ በኩል፣ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቀና እንዳለች ያዟት። አጋደም ስናደርጋት ትንፋሿ ይብስ ነበር፤ ይህን እኛ ሳንነግራቸው አወቁ። እንደዚያው እንደተቀመጡ አነጉ። እጃቸው ሲደክም ትከሻ ይለውጣሉ እንጂ ለማንም አልሰጧትም። ለሁለቱ ታላላቆች ትኩስ ወተትና ጭኮ ተሰጥቷቸው፣ ከቤቱ ልጆች ጋር በአንድ ቁርበት ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስለ እህታቸው መታመም አንድም ጊዜ አልጠየቁም። የአኮ ቤት እንዲህ ያለ ቤት ነው።

የእኛ ሐሳብ ሁሉ ጎባ መድረስ ነበር። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሪራ ጎባ ለመግባት ሳነቴን መሻገር ግድ ነው። ሳነቴ ወደ 4000 ሜትር ከፍ ያለ አምባ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ እዚያው ላይ 4377 ሜትር ደርሶ ቆሟል። ጤነኛ ሰው እንኳ ከመኪና ወርዶ ጥቂት እርምጃ ሲሮጥ አየሩ ያንሰዋል። አኮ ሜትሩን አላነሡም። «ይህች ልጅ ወደ ላይ አትወጣም፤ ወደ ታች ነው የምትወርደው» ብለው ቆረጡ። ባለቤቴ አዳማ ስላደገች ኦሮምኛ ትሰማለች፤ እየተረጎመች ስትነግረኝ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ቆላው ዴሎ መና ደርሰን ሐኪሙ የሳንባ ምች መሆኑን ነግሮን ኦክስጅን ከተደረገላት በኋላ፣ «ሌሊት በሳነቴ በኩል ብትወስዷት ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

መና ያልኩት ብቻችንን ደርሰን አይደለም። አኮ ጎሕ ሲቀድ ልጃቸውን መንገድ ላይ አቁመው፣ ወደ መና የሚወርድ አይሱዙ አስቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው እሳቸውም ጋቢና ገቡ! አይድከሙ ብንላቸው፣ እናትየው ሌሊቱን አልተኛችም፣ እንቅልፍ ቢጥላት ልጅቷን ማን ቀና አድርጎ ይይዛታል አሉ። እሳቸውስ መቼ ተኙ? ልጅቷ አገግማ ምግብ እስክትጠይቅ ድረስ መና አብረውን ቆዩ፤ በየማለዳው ለልጃቸው እያስደወሉ የትኛዋ ላም በመጀመሪያ እንደምትታለብ ያዙ ነበር። ገንዘብ ብንሰጣቸው ተቆጡ፤ ቁጣቸውም የይሉኝታ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ መኪናችን ውስጥ ያዩትን ባዶ ጀሪካን። ለማር ትሆነኛለች አሉ።

እናታችን፣ ይህን ልጅዎ እያነበበ እንደሚተረጉምልዎት ቃል ገብቶልናል። ቤትዎን ጥለው፣ ከብትዎን ጥለው ከማያውቁት ሰው ልጅ ጋር ቆላ ወረዱ። እኛ ምን ብለን እንደምናመሰግንዎት ጠፍቶናል። ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ልጅዎን፣ የልጅ ልጆችዎን ይባርክልን። ሌላ ቃል የለኝም።

የአይሱዙው ሾፌር፣ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ልጅቷን እንዳያንገላታት በቀስታ ስለወረድክና ለሒሳብ ኪሴ ስገባ በሩን ዘግተህብኝ ስለሄድክ አመሰግንሃለሁ። ወንድሜ አንድ ቀን ሙሉ ሶማሌ ተራን ዞሮ የፍሪሲዮን ሸራ ከነዲስኩ አግኝቶ በአውቶቡስ ላከልን፤ የጎባው መካኒክ ደግሞ ዕቃውን በሞተር ብስክሌት ጭኖ፣ ሳነቴን በዚያ ብርድ ተሻግሮ መጥቶ ገጠመልን። ከጉዞው በፊት «ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው፣ አትስጉ» ብሎ ገንዘባችንን ለተቀበለው ጋራዥ ግን ምስጋና የለንም።

የመና የጤና ባለሙያዎች፣ የአራት ኪሎ ጎረቤቶቻችን፣ የእድራችን አባላት፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ የልጆቹ መምህራን፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የጸለያችሁልን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈላችሁ።

የባሌ ተራሮች ፓርክን ስካውት ረስቼ ነበር። ሁሉም ነገር ከመበላሸቱ በፊት፣ ሳነቴ ላይ መኪናችንን አስቁሞ ለልጆቹ ቀይ ቀበሮ ያሳያቸው እሱ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው የሚገኘው። ቀበሮው በጅብራዎቹ መሐል የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ ቆሞ ነበር፤ ልጆቹም እንደ እሱ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። አሁን ስለ ጉዞው ሲጠየቁ የሚያወሩት ይህን ነው፤ ሆስፒታሉን ማንም አያነሣውም።

«ሕፃናት ይዞ ጫካ ምን ይሠራል» ያላችሁን ዘመዶችም፣ ከጭንቀት መሆኑን ስለምናውቅ እናመሰግናችኋለን። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቀጥታ ወደ ቤት እንደ መምጣት ላንጋኖ መግባታችን ያስቀየማችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ለልጆቹ ቃል የገባነው ጫካና የውኃ ዳርቻ ነበር፤ ባሕር የለንምና የሐይቅ ዳር ማለት ነው። ሐኪሙ ፈቅዶ፣ ሳነቴን በቀትር ፀሐይ ሳንቆም ተሻግረን፣ በዲንሾና በዶዶላ አድርገን ሻሸመኔ ወጣን። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ቢሆንም ሰው የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። ታላላቆቹ እስኪጠወልጉ ዋኙ። ትንሿ መዋኘት ስለተከለከለች አሸዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን እየቀበረች እያወጣች ዋለች። ሳንጠይቃቸው የዓሣ ሾርባ ሠርተው እስከ ዳር ድረስ ያመጡላት የማረፊያው ወጥ ሠሪ፣ እጅዎ ይባረክ።

ያልጠራኋችሁ ብዙ ናችሁ። ዶዶላ ላይ ጎማ የነፋህልን ልጅ፣ ሮቤ ላይ መድኃኒት ስንፈልግ ሱቅህን ዘግተህ የመራኸን ወንድም፣ ደውላችሁ ስልካችን ዝግ የሆነባችሁ ሁሉ፣ ቅር አይበላችሁ።

ለአኮ ያዘጋጀነው ብርድ ልብስና አዳዲስ ጀሪካኖች ቤታችን ተቀምጠዋል። ክረምቱ ሲወጣ ራሳችን እንወስደዋለን ብለናል፤ ከዚያ በፊት በሪራ በኩል የምታልፉ ወዳጆች ካላችሁ ደውሉልን፣ አራት ኪሎ መጥታችሁ ተቀበሉን። በእጃችሁ ሌላ ነገር ልትጨምሩላቸው ከፈለጋችሁ ስኳርና የእጅ ባትሪ ይበቃል። ማር ብቻ እንዳትገዙላቸው፤ ቀፎዎቻቸው ሐረና ዛፍ ላይ ናቸው።

ከነቤተሰቡ፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ