የማክአርተርን መንገድ ረሳችሁት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ዋሽንግተን አካባቢ መዝናኛዎች ስትጽፉ በሜሪላንድ በኩል ወዳለው የግሬት ፎልስ ፏፏቴ ፓርክ የሚወስደውን የማክአርተር ጎዳና መዝለላችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ከሥሩ የከተማዋ ውኃ መስመር ስለሚያልፍ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ እንደኔ ጉልበቱ ለደከመ ብስክሌተኛ ግልግል! ካቢን ጆን በተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያለቀው የድንጋይ ድልድይ ጠባብ ስለሆነ መኪናው የሚያልፈው በተራ ነው። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

ፓርኩ ሲቃረብ ጫካው መሀል ዳገት አለ። እንጦጦን ለሚያውቅ ምንም አይደለም ብዬ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን ወርጄ ገፋሁ።

ፏፏቴው ፊት ለፊት ወደሚታይበት ደሴት በሚያሻግረው የእንጨት መተላለፊያ ብስክሌት አይገባም። ስለዚህ የምትሄዱ ሁሉ ጠንካራ የብስክሌት ቁልፍ ያዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ