ልጄ ከደረጃዋ በታች ስለተመደበችበት ትምህርት የቀረበ ቅሬታ

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ግልባጭ፦ ለካውንቲው የትምህርት ቦርድ

ጉዳዩ፦ የልጄ የሒሳብ ምደባ እንዲስተካከልና ከኢትዮጵያ ያመጣችው ውጤት እንዲያዝላት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

ልጄ አዲስ አበባ 10ኛ ክፍልን አጠናቃ ሜሪላንድ ከመጣች በኋላ እርስዎ በሚመሩት ትምህርት ቤት ተመዝግባለች። የተመደበችው እንደገና 10ኛ ክፍል ነው። ይህንንስ እሺ ብለን ነበር። ያልተዋጠልኝ ሒሳቡ ነው፤ አልጀብራ 1 አስገብተዋታል። ፖሊኖሚያል ፈንክሽን፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ተምራ የመጣች ልጅ ከ9ኛ ክፍል ልጆች ጋር ተቀምጣ የኤክስን ዋጋ ስትፈልግ ትውላለች። የሒሳብ መምህሯን አመሰግናለሁ፤ ችሎታዋን አይተው የከበዳቸውን ልጆች እንድታስረዳ ያደርጓታል። ግን ልጄን የላክኋት ረዳት መምህር እንድትሆን አይደለም።

ለምን እዚያ እንደገባች ስጠይቅ ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) የሰጡኝ መልስ «መጀመሪያ እንግሊዝኛዋ ይሻሻል» የሚል ነው። መነሻቸው ስትመዘገብ የተፈተነችው የዊዳ ፈተና ነው። ይህ ፈተና የሚለካው በእንግሊዝኛ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ነው፤ ሒሳብ አይፈትንም። በዚያ ላይ በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉም ፈተናውም እንደዚያው። ልጄ የአሜሪካኖቹ አነጋገር ሊፈጥንባት ይችላል። ሎጋሪዝም ግን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ስለ ምደባዋ በተነጋገርንበት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ አልተጠራልኝም። ካውንስለሯ የሚሉትን ለእኔ፣ እኔ የምለውን ለእሳቸው ስታስተረጉም የነበረችው ራሷ ልጄ ናት። እንግሊዝኛሽ ከፍ ላለው ሒሳብ፣ ለአልጀብራ 2፣ አይበቃም የተባለችውን ልጅ፣ ይኸው ውሳኔ የተላለፈበትን ስብሰባ እንድታስተረጉም ማድረግ ምን ይባላል? እኔ መልስ አጥቼለታለሁ። እርስዎ ካለዎት መስማት እፈልጋለሁ።

ነገሩ የአንድ ዓመት መሰላቸት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ዘንድሮ አልጀብራ 1፣ 11ኛ ክፍል ጂኦሜትሪ፣ 12ኛ ክፍል አልጀብራ 2 ብላ ትመረቃለች ማለት ነው። ፕሪካልኩለስን አታየውም፤ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠው ኤፒ ካልኩለስማ ጭራሽ አይታሰብም። ልጄ ኢንጂነሪንግ መማር ነው የምትፈልገው። በትምህርት ቤቱ የጉብኝት ቀን በተሰጠን ብሮሹር ላይ ከፊት የተጻፈው የኤፒ ኮርሶቹ ብዛት ነበር። በግንቦት የሚሰጠውን የኤፒ ፈተና ያለፈ ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ ክሬዲት ሊያዝለት እንደሚችል፣ ያም የኮሌጅ ክፍያ እንደሚያቀልልን ተነግሮናል። ኪራዩ ከአቅማችን በላይ መሆኑን እያወቅን እዚህ ሰፈር የገባነውም ለዚሁ ትምህርት ቤት ስንል ነው። በሩ ለልጄ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ከተዘጋ ብሮሹሩ የተጻፈው ለማን ነው?

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቷን ከነማኅተሙ በምዝገባው ቀን አስረክቤያለሁ። «እየታየ ነው» ከማለት በቀር እስካሁን የያዙላት ክሬዲት የለም። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉም አይጠብቅም። ውጤቱ ከመቶ የተሰጠ ነው፤ ማንም አንብቦ የሚረዳው ነው።

በዚህ አገር ሕግ ቋንቋ ልጅን ከትምህርት የሚያስቀር አጥር እንዳይሆን የተደነገገ መሆኑን ተረድቻለሁ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አለ፤ በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንግሊዝኛ የማይችሉ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎችን ጉዳይ አይቶ የፈረደላቸው በእሱ ላይ ተመርኩዞ ነው። ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት ማለት እንደሚቻልም፣ ጊዜው በ180 ቀን የተወሰነ መሆኑንም አውቃለሁ። እዚያ ሳንደርስ እዚሁ ብንጨርሰው እመርጣለሁ።

ስለዚህ ልጄ የሒሳብ ምደባ ፈተና ትፈተን። ማለፏን ካያችሁ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ አልጀብራ 2 ትግባ፤ ጂኦሜትሪውንም ጎን ለጎን ወይም በክረምት ትምህርት ትጨርሰው። የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍሏ ይቀጥል፤ እሱን አልተቃወምኩም። ከትራንስክሪፕቷ የትኛው ትምህርት እንደተያዘላትና የትኛው እንዳልተያዘ፣ ካልተያዘም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ አማርኛ የሚችል ባለሙያ አስተርጓሚ ይዘጋጅልኝ፤ ልጄ በዚያ ሰዓት ክፍሏ ገብታ ትማር።

የሚቀጥለው ዓመት የኮርስ ምርጫ ሳይዘጋ የጽሑፍ መልስዎን እጠብቃለሁ። ማታ ስለምሠራ ስልክ የማነሳው ከሰዓት በኋላ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የተማሪዋ እናት