ኮንሶን በአንድ ሰዓት አትለፉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ጥር ወር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርገን እስከ ጂንካ በመኪና ተጉዘን ነበር። ለረጅም ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው እንደ መሆኔ ይህን መንገድ ለተማሪዎቼ በካርታ ላይ ደጋግሜ አሳይቻለሁ፤ በአካል ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከጉዞው ይዤ የተመለስኩትን አንድ ቅሬታና አንድ ሐሳብ ለአንባቢያን ለማካፈል እወዳለሁ።

ቅሬታዬ የጉዞ መርሐ ግብሩን ይመለከታል። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት ቀኖቹን «የተፈጥሮ» እና «የባህል» ብሎ ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክና በጫሞ ሐይቅ ዳር ያለው፣ አዞዎች በብዛት የሚታዩበት «የአዞ ገበያ» በመጀመሪያው ወገን፣ ኮንሶ፣ ሐመርና ሙርሲ በሁለተኛው ወገን ተመደቡ። በዚህ አከፋፈል ለኮንሶ የተተወለት አንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከመኪና ወርዶ ፎቶግራፍ አንስቶ ለመመለስ የታሰበ ነበር። እኛ ከሹፌሩ ጋር ተነጋግረን፣ ከሌሎቹ ቀኖች ቀንሰን፣ በኮንሶዋ ካራት ከተማ ሁለት ሌሊት ለማደር ወሰንን።

በማግስቱ ከአካባቢው ማኅበር አንድ ወጣት አስጎብኚ ይዘን ወደ ጋሞሌ መንደር በእግር ሄድን። ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራው እርከን ከሸለቆው ሥር እስከ ተራራው አናት ይወጣል። አስጎብኛችን እያንዳንዱ ግድግዳ አፈሩን ከመሸርሸር ከማዳኑ በላይ፣ የዝናቡን ውኃ ለማሽላው አስቀርቶ ትርፉን ወደ ታችኛው እርከን እንዴት እንደሚያሳልፍ እያሳየን አስረዳን። መሬቱ ደረቅና ድንጋያማ በመሆኑ ያለ እርከኑ በዚያ ማሽላ ማምረት እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ከ400 ዓመታት በላይ የዘለቀው ይህ ሥራ ከነመንደሮቹ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ የተከለለው ቦታ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ታዲያ ይህን ቦታ «ተፈጥሮ» እንበለው ወይስ «ባህል»?

በድንጋይ ግንብ በታጠረው መንደር ውስጥ ወጣቶች የሚያድሩበትን ሞራ አየን፤ ለክፉ ቀን መንደሩን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። በአደባባዩ ላይ የቆሙት ረጃጅም እንጨቶች ትውልድ ከትውልድ ሲረካከብ አንድ በአንድ የሚተከሉ ስለሆኑ፣ እነርሱን በመቁጠር የመንደሩን ዕድሜ መገመት እንደሚቻል ሰማን። ልጄ እንጨቶቹን መቁጠር ስትጀምር አንድ አባት አጠገቧ ቆመው ቆጠራውን በእርሳቸው ቋንቋ አስተማሯት። ከሰዓት በኋላ ኩርኩፋ የተባለው የአካባቢው ምግብ ቀረበልን። ከመላው ጉዟችን እስከ ዛሬ በቤታችን የሚነሳው ይህ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አቋርጠን ወደ አንድ የሙርሲ መንደር ስንደርስ ያየሁት አሳዝኖኛል። ጎብኚው በአንዲት ፎቶ ዋጋ ይከራከራል፤ የምትነሣዋ እናትም ካሜራው ስንት ጊዜ እንደተጫነ ትቆጥራለች። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጥንም። በእነርሱ አልፈርድም፤ በኦሞ ዳር ያሉ ሕዝቦች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፣ በወንዙ ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ወዲህ ግን ያ ዓመታዊ ሙላት ቀርቷል። ካሜራ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ይህን ሳያውቅ፣ ወንዙንም ሳያይ የሰውን ፊት ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ሐሳቤ የሚከተለው ነው። የጉዞ ድርጅቶች ለኮንሶ ቢያንስ አንድ ሌሊትና አንድ ሙሉ የእግር ጉዞ ቀን ይመድቡ፤ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ባለችው ዶርዜም ከሸማኔዎቹ ጋር ከመቀመጥ በተጨማሪ ቤቶቹ የሚሠሩበት ቀርከሃና ቆጮው የሚገኝበት የእንሰት ማሳ ይጎብኝ። የክልሉ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ደግሞ ከየመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር መክሮ፣ በፎቶ ቁጥር የሚደረገው ክፍያ ቀርቶ አንድ የመንደር መግቢያ ክፍያ እንዲወሰን፣ ዋጋውም በግልጽ እንዲለጠፍና ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ነዋሪዎቹ ራሳቸው እንዲወስኑ ቢያደርግ መልካም ነው። በመጪው የበጋ ወራት ወደ ደቡብ ለመጓዝ የምታስቡ አንባቢያንም መርሐ ግብሩን ከመፈረማችሁ በፊት በኮንሶ ስንት ሰዓት እንደተያዘላችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከአዲስ አበባ