የቀበሌ ጨዋታ ዳኞችን ማን ይመድብ?

ለአዘጋጁ፦

በጎጃም ከተሞች በክረምት የሚካሄዱት የቀበሌ እግር ኳስ ውድድሮች የዳኛ አመዳደባቸው ሊስተካከል ይገባል። ብዙ ጊዜ ዳኛው የሚታወቀው ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው። የሚመርጠውም ውድድሩን ያዘጋጀው ሰው ራሱ ነው። ዳኛው የአንዱ ቡድን ጎረቤት ወይም ዘመድ ከሆነ፣ የሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት ትክክል ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል?

ከምደባው የሚብሰው ግን የክትትል እጦቱ ነው። ለአንድ ወጣት ፊሽካና ካርድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሕጉ ደግሞ ይለወጣል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመልስ ምት ኳሷ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል እስክትወጣ መጠበቅ ቀርቷል። ይህን ያልሰማ ዳኛ ዛሬም ምቱን ያስደግማል። ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ኳስ ለተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ እንደሌለም፣ ከዳር ሆነው ለሚጮኹ አሰልጣኞቻችን ጭምር ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም። የት መቆም እንደሚሻል፣ ከመስመር ዳኛው ጋር እንዴት በዓይን መግባባት እንደሚቻል ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ልምድ ያለው ዳኛ ጨዋታውን አይቶ፣ ሲያልቅ ለብቻው ሊነግረው ይገባል። በተመልካች ፊት ማረም ዳኛውን ማዋረድ ነው።

ስለዚህ ከመጪው ክረምት ጀምሮ አጎራባች ከተሞች ዳኛ ይለዋወጡ። የቡሬው ፍኖተ ሰላም፣ የፍኖተ ሰላሙ ቡሬ ሄዶ ይዳኝ። የትራንስፖርቱን ወጪ ከቡድኖች መመዝገቢያ መሸፈን ይቻላል። ምደባውም ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት ተጽፎ ይለጠፍ። አዲስ ዳኛ ደግሞ በታዳጊዎች ጨዋታ፣ ከመስመር ዳኝነት ይጀምር።

አንድ የኳስ ተመልካች፣ ከደብረ ማርቆስ