በምራቅ የታጠበው ስላይድ

ውድ እህቴ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ ብዕር ሳነሣ እጄ ይከብደኛል። ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅር በዪኝ፤ ምክንያት አልደረድርም፣ ጠባዬን ታውቂዋለሽና። አሁን ያስጻፈኝ ያው የፓስ ቀለም ነው፤ በሥጋ ቁራጭ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያቀላውና ጣቶችሽን እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ጣቶች ያስመስል የነበረው!

የምሠራው በጫጩት ፅንስ ውስጠ ጆሮ ላይ ነው። የ12 ቀን ፅንስ ቆርጬ ሳቀልም፣ ፔርዮዲክ አሲዱ ስኳሮቹን ከፍቶ አልዴሃይድ ካወጣ በኋላ ቀለም የለሹ የሺፍ ፈሳሽ ያዘውና፣ በድምፅ ተቀባይ ሕዋሳቱ ላይ የተዘረጋው ቴክቶሪያል ሽፋን የቀይ ሥር ውሃ መሰለ። እኔም በአማካሪዬና በባልደረቦቼ ፊት ቆሜ «ግላይኮጅን ነው» አልኩ፤ ሕዋሳት የሚያከማቹት ስኳር ማለቴ ነው። ግላይኮጅኑ የታጠበበት ማነጻጸሪያ ስላይድ ግን አልሠራሁም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ግን ልደብቅ አልችልም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወደ ቤተ ሙከራው ተመለስኩ። ግላይኮጅንን የሚፈታው ዲያስቴዝ የተባለ ኢንዛይም አልቆ ስለነበር፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ ያንኑ በሚሠራው በራሴ ምራቅ ተጠቀምኩ፦ ጎን ለጎን ከተቆረጡት ሁለት ቁራጮች አንዱን በምራቅ፣ ሌላውን ኢንዛይም በሌለው ባፈር ብቻ፣ በ37 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት አቆየኋቸው። ከዚያ ሁለቱንም እኩል አቅልሜ፣ በቧንቧ ውሃ ሥር ሐምራዊው እየደመቀ ሲመጣ ቆሜ ተመለከትኩ። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው፣ ምራቅ በነካው ቁራጭ ላይ ከሥር ባሉት ሕዋሳት ውስጥ የነበሩት ቀያይ ነጠብጣቦች ጠፍተዋል፤ ሽፋኑ ግን እንደ ቀላ ነው። ግላይኮጅኑ የነበረው በሕዋሳቱ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ሽፋኑን ያቀላው ምራቅ የማይፈታው ስኳር፣ ቴክቶሪን ከሚባሉት ግላይኮፕሮቲኖች ጋር የተያያዘው መሆን አለበት። ስህተቴ ቢያሳፍረኝም፣ ያን ስላይድ ሳይ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አንዱ ቀለም ሁለት ነገር ሲናገር የሰማሁት እኔ አንዱን ብቻ ነበር።

ለአማካሪዬ ሰኞ እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ምክርሽን እፈልጋለሁ። አልሺያን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በፒኤች (በአሲድነት መጠን) 1.0 እና በ2.5 ለየብቻ ላቀልም አስቤአለሁ፤ በ1.0 ሰልፌት ያላቸው ስኳሮች ብቻ ሲይዙ በ2.5 ካርቦክሲል ያላቸውም ይጨመራሉና፣ ሰልፌት የሌለው ረጅሙ ስኳር ሃያሉሮናን ካለ ልዩነቱ ሊያሳየኝ ይችላል። ሆኖም ሰማያዊውን ብቻ አይቼ እንዳልቸኩል ሃያሉሮናንን በሚፈታው ኢንዛይም በሃያሉሮኒዴዝ የታጠበ ስላይድም አኖራለሁ፤ ሚዛን የሚጠብቁት የውስጠ ጆሮ ግማሽ ክብ ቦዮች ሲቀረጹ ኤፒተልየሙን ወደ ውስጥ የሚገፋው ይኸው ሃያሉሮናን መሆኑ በእንቁራሪት ፅንስ ላይ ስለታየ፣ በጫጩቱም ቦዮች ላይ ልፈልገው ጓጉቻለሁ። ከዚያ ሌክቲን፣ የተወሰነ ስኳር መርጦ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ይከተላል፤ የለውዙ ሌክቲን ሲያሊክ አሲድ የከለለውን ስኳር አይይዝምና፣ አስቀድሜ ሲያሊክ አሲዱን በሚቆርጠው ኢንዛይም በሲያሊዴዝ ልጠበው ወይስ ሳይታጠብና ታጥቦ ጎን ለጎን ላሳይ? አንቺ የቱን ትመርጫለሽ?

የሁለቱን ስላይዶች ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። በምራቅ የታጠበው በስተቀኝ ያለው ነው፤ የሽፋኑን ጠርዝ አጉልተሽ እዪልኝና፣ ብትችዪ ከሰኞ በፊት አንድ መስመር ጻፊልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ